«በቃ» የምትለው ክኒን

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አዲስ አበባ
ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቶሌ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኔ አለሁ፤ ጉልበቴ ግን ከእኔ ጋር መኖሩን አልወደደውም። ሰላምታውን እዚህ ላይ ልግታውና ወደ ጥያቄዎችህ ልለፍ። ካልሆነ እንደ ባለፈው «እቴቴ የጠየቅኋቸውን ትተው የጎረቤት ወሬ ጻፉልኝ» ትለኛለህ።

አዎ፣ እወስዳለሁ። ነጯን ክኒን፣ ጠዋት ጠዋት፣ ቁርስ በልቼ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልዘለልኩም። አዎ፣ ፊቴም በእሷው ሰበብ አሁንም እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ነው። ባለፈው ሰሞን ጌጃ ሰፈር አንዲት የድሮ ባልደረባዬን አገኘኋትና «ሠርክዬ፣ ጡረታ እንዴት ተስማማሽ!» አለችኝ። ተስማማኝ ብዬ አለፍኩ። እጄን ጨብጣኝ ቢሆን ኖሮ ግን መንገድ ላይ እጮህባት ነበር።

ካርዷም ደርሳኛለች። «እኚህ እናት ሠርካዲስ ይባላሉ፤ በየቀኑ ፕሬድኒሶሎን ይወስዳሉ፤ ወድቀው ከተገኙ ሳትዘገዩ ሆስፒታል አድርሷቸው፤ ለሐኪሙም ይህን አሳዩት።» በፕላስተር ጠቅልለህ፣ በቀይ እስክሪብቶ አስምረህበት! ሠላሳ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስሠራ ስንት ወረቀት አልፏል በእጄ፤ በእኔ ላይ ግን ተጽፎ አያውቅም ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ አላደርጋትም፤ ያየ ሁሉ ምን ሆና ነው ይላል። በውዳሴ ማርያሜ ውስጥ ዕልባት አድርጌያታለሁ። ቢያንስ ለአንድ ነገር ትጠቅማለች።

ደብዳቤዬን ወደ አውቶቡስ ተራ የማደርሰው ራሴ ነኝ። በአብነት ሰፈር በኩል ድሮ ሃያ ደቂቃ ነበር፤ አሁን ሃምሳ። ሙለታ አውቶቡሱን አስነስቶ መስኮቱን ከፍቶ ይጠብቀኛል፤ ደህና ሹፌር ነው። እናንተ ዘንድ ያለው የኔትወርክ ማማ ከተበላሸ ስድስት ወሩ አይደል? በዚህ ዘመን ደብዳቤ የሚጻጻፉ እኔና አንተ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

የሺሀረግን ጠይቀኸኛል። አራተኛ ፎቅ ነው ያለችው፣ በርሜሏ ግን የእኔ ደረጃ ላይ። ውሃ በየሦስት ቀኑ ስለሚመጣ ነው ትላለች። ለእኔስ በየቀኑ ነው እንዴ የሚመጣው? ከፋሲካ ወዲህ ሰላም አንባባልም፤ አሁንም አንባባልም።

አሁን ደግሞ የእኔ ጥያቄ። ሐኪሙ ሦስት ደቂቃ ነው የሚሰጠኝ፤ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ልብስ እንኳ አውልቄ አልጨርስም። አንተ ጊዜ አለህና አስረዳኝ። ምን አድርጌው ነው የገዛ አካሌ የሚደበድበኝ?

አክስትህ ሠርካዲስ


ሐሮ ሰዴን ጤና ጣቢያ
ሐምሌ 17 ቀን 2017

እቴቴ፣

ደብዳቤዎን ሦስቴ አነበብኩት። ስለ ካርዷ ያሉትን ሳነብ ስቄ፣ ቀጥዬ ተናደድኩ። ዕልባት ትሁን፤ ግን መጽሐፉ ከእጅዎ አይለይ።

ምንም አላደረጉትም፣ እቴቴ። ጥፋት ፈልገው ራስዎን አይክሰሱ። እሾህ ወጋዎት እንበል። እዚያ አካባቢ ያሉ ሴሎች በደም የሚሄድ መልእክት ይልካሉ፤ «ጉዳት ደርሷል፣ ኑ» ነው የሚለው። ነጭ የደም ሴሎች ይጎርፋሉ፤ ቦታው ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያምማል። ብግነት የምንለው ይህንን ነው። ክፉ ነገር አይደለም፤ ያለ እሱ አንድ እሾህ በገደለን ነበር። ክፉ የሚሆነው አልቆም ሲል ነው። ስለዚህ ሰውነት ጠሪውን ሲልክ ማቆሚያውንም አብሮ ያሰናዳል። ከነጭ ሴሎቹ መሐል ሥራቸው ሌሎቹን ማብረድ ብቻ የሆነ አሉ። ከኩላሊት በላይ ደግሞ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ተቀምጠው ኮርቲሶል የሚባል ነገር ያመነጫሉ። ጠዋት ጠዋት በብዛት ይለቁታል፤ በደም እየዞረ «በቃ፣ ተመለሱ» ይላል።

የእርስዎ ሴሎች የገዛ ጉልበትዎንና ጣቶችዎን እንደ ባዕድ ቆጥረዋል። «ኑ» የሚለው በዛ፣ «በቃ» የሚለው አነሰ። መጀመሪያ ለምን እንደተሳሳቱ እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔም አላውቅም፤ ከእኔ የበለጠ የተማሩትም ጨርሰው አያውቁትም። ክኒኗ የኮርቲሶል ቅጂ ናት። በእርስዎ ቋንቋ ልንገርዎት፤ እግድ ናት። ክሱን አትዘጋውም፣ አፈጻጸሙን ታግዳለች።

አሁን የምጽፈውን ግን ሁለቴ ያንብቡልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ «በቃ» የሚለው ትእዛዝ ከውጭ ስለመጣላቸው ዕጢዎቹ ሥራ ፈትተው ተኝተዋል። ክኒኗ ዛሬ ብትቀር ነገ ተነሥተው ሥራ አይጀምሩም፤ ወራት ይፈጅባቸዋል፤ ለዚያውም ሐኪም በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሰላቸው። ኮርቲሶል ደግሞ ብግነት ማብረድ ብቻ አይደለም ሥራው፤ የደም ግፊትንና የደም ስኳርን ደግፎ የሚይዘውም እሱ ነው። እሱ ሲጠፋ መጀመሪያ ምግብ ያስጠላል። ከዚያ ሆድ ይገለበጣል፣ ብድግ ሲሉ ዓይን ይጨልማል። ከዚያ ሰው ይወድቃል። ካርዷን የጻፍኳት ለዚህ ነው።

ፍልሰታ እየመጣ ነው። አውቅዎታለሁ፤ በጾም ክኒኗን ስለመውሰድ የንስሐ አባትዎን ዛሬውኑ ይጠይቁና ምን እንዳሉ ይጻፉልኝ።

ነገ በአምቡላንስ ከወንዙ ማዶ ላለው ቀበሌ ክትባት ይዘን እንሻገራለን። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሹፌራችን ግን ጎበዝ ነው፣ አያስቡ።

ልጅዎ ቶሌሳ


ልደታ
ሐምሌ 19 ቀን 2017

ቶሌ፣

ሁለቴ ያንብቡ ብለኸኝ ሁለቴ አነበብኩ፤ ሦስተኛውን በራሴ ፈቃድ። እግድ ማለትህን ወደድኩት። ስንት እግድ በእነዚህ ጣቶች ተይቤያለሁ መሰለህ! ባለጉዳዩ እግዱን ይዞ ሲሮጥ፣ ቤቱን ለማፍረስ የመጣው ሰውዬ ዶማውን እንዳነሳ ወረቀቷን አይቶ ሲቆም፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ስንቱን ሰምቻለሁ። እኔ ሆዬ በሆዴ እግድ ይዤ እዞር ኖሯል።

አባን ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ጠየቅኋቸው። «መድኃኒት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከምግብ ጋር ውሰጂ፤ ጠዋት ነው ካሉሽም ጠዋት ውሰጂ፤ ሕመምተኛ በአቅሙ ነው የሚጾመው» አሉኝ። ይኸው ጻፍኩልህ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እወስዳለሁ። አሁን ተንፍስ።

አንተ ግን አያስቡ ያልከኝን አልወደድኩትም። የእናትህ ልጅ ነህ፤ እሷም አታስቢ ካለችኝ ነበር የማስበው። የሟች እህቴ አደራ ነህ፤ ጭቃና ወንዝ አጥተህ ነው እንዴ እዚያ ድረስ የሄድከው? እሺ፣ ሥራህ ነው። ሄደህ መመለስህን በአንድ መስመር ጻፍልኝ። አንድ መስመር ይበቃኛል። ካልደረሰኝ መቀመጥ አልችልም፤ ከመስኮት በር፣ ከበር መስኮት ስል እውላለሁ፣ ጉልበቴም ይህን አያውቅልኝም።

ሠርካዲስ


ሐሮ ሰዴን
ሐምሌ 24 ቀን 2017

ይድረስ ለውድ አክስቴ ለወይዘሮ ሠርካዲስ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ለክትባት ሥራ ሄደን በሰላም ተመልሰናል። የንስሐ አባትዎ በሰጡት ምክር እጅግ ደስ ብሎኛል። መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይውሰዱ። ይህ ደብዳቤ በሥራ ብዛት ምክንያት አጭር በመሆኑ ከፍ ያለ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መጽሐፉም ከእጅዎ እንዳይለይ አደራ።

አክባሪዎ
ቶሌሳ ሂርጳ


ልደታ
ነሐሴ 3 ቀን 2017

ቶሌ፣

ባለፈው ቅዳሜ ሳልጽፍልህ ቀረሁ። ዝናቡ ነው። ወደ አውቶቡስ ተራ መውጣት አልቻልኩም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። በሰላም መመለስህን በማንበቤ ደስ ብሎኛል። ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር የለም፤ ሥራ የበዛበት ሰው አጭር ይጽፋል።

ሱባኤው ከገባ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በየዓመቱ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይፈትኑኝ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጨርሶ አልራበኝም። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት አልፎ አሥራ አንድ ሲሆን ነው ምግብ ትዝ ያለኝ፤ አቀረብኩት፣ ልቤም አልከጀለው፣ ከደንኩት። ድንግል አቅልላልኛለች። ሌሊት ጣቶቼ ትንሽ ያብጣሉ፤ ቅዳሴ ላይ ሲሰገድ ከሌሎቹ ትንሽ ዘግይቼ እነሣለሁ። ይህም የእርጅና ነው።

ስለ ክኒኗ አትጨነቅ፤ እሷ በእኔ እጅ ናት።

ለሙለታ ይህን የሚያደርስልኝ ከታች ያለው የሱቁ ባለቤት ነው፤ እሱም በአብነት በኩል ሲያልፍ ስለሆነ አላስቸገርኩትም። እጅህ ደህና ነው ወይ? ማለቴ የእጅ ሥራህ፣ ክትባቱ። በል ቻው።

ሠርካዲስ


ሐሮ ሰዴን
ነሐሴ 6 ቀን 2017

እቴቴ፣

መጀመሪያ ለጥያቄዬ ይመልሱልኝ። ክኒኗን ወስደዋል ወይስ አልወሰዱም? «በእኔ እጅ ናት» መልስ አይደለም። ሌላ ሰው እንዲህ ቢመልስልዎት እርስዎ ራስዎ መልስ ብለው መዝገብ ላይ አያሰፍሩትም።

«አልራበኝም» ብለው ጽፈዋል። ቅዳሜ የጻፉትን እሑድ ሙለታ ሰጠኝና እዚያው ቆሜ አነበብኩት፤ እዚያች መስመር ላይ ስደርስ ደግሜ አነበብኳት። ድንግል አላቀለለችልዎትም፣ እቴቴ። ይቅር ትበለኝ። ያች ያልኩዎት የመጀመሪያዋ ምልክት ናት። ምግብ ያስጠላል ብዬ ጽፌልዎት ነበር። ከስግደት ዘግይተው መነሣትዎም እርጅና አይደለም።

ይህ ጽሑፍ ለምን እንዲህ እንደተጣመመ ያዩታል። በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ሐምሌ 18 ቀን ስንመለስ አምቡላንሷ ተንሸራታ ገደል ጠርዝ ላይ ተገለበጠች። ሹፌሩ ደህና ነው፣ ክትባቱም አልተበላሸም። የእኔ ቀኝ ክንድ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ያለፈውን ደብዳቤ እኔ እየነገርኳት የጻፈችው ነርሷ ሴና ናት፤ «ውድ አክስቴ» እና «ከፍ ያለ ይቅርታ» የእሷ ናቸው። እንዳይነግርዎት ሙለታን ያስማልኩትም እኔ ነኝ። በድንጋጤ ሕመምዎ ይነሣል ብዬ ፈራሁ። ሁለት ጣቶቼ ገና አልነቁም፤ ይህንንም ልደብቅዎት ነበር፤ ተውኩት።

ትናንት ኔትወርክ ይገኝበታል ወደተባለው ኮረብታ ወጣሁ። አራት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ ክንዴ ደረቴ ላይ ታስሮ። ስልኬ አንዲት መስመር አሳየችና ጠፋች። ሃያ ጊዜ ደወልኩ፤ አንዱም አልገባም። ዛሬ ሕመምተኛ ሳይ ሁለቴ መድኃኒት ተሳስቼ ሴና አረመችኝ። ቁጭ ስል መነሣት፣ ስነሣ መሄድ ያምረኛል፤ የምሄድበት ግን የለም።

ሙለታን አልጠብቅም። በቆሎ ጭኖ የሚወጣ አይሱዙ አግኝቻለሁ፤ ሹፌሩ ሐሙስ አዲስ አበባ እገባለሁ ብሎ የእርስዎን ብሎክና የቤት ቁጥር ጽፎ ወስዷል። ይህ እጅዎ ሲገባ ክኒኗን እዚያው ቆመው ይዋጡ። ካስመለሰዎት ሁለተኛ አይሞክሩ፤ ሆስፒታል ይሂዱ፣ ካርዷን ያሳዩ፣ በመርፌ ይሰጥዎታል። ብቻዎን እንዳይወርዱ። ለወይዘሮ የሺሀረግ ይንገሯቸው። ኩርፊያው ለሌላ ጊዜ ይቆይ፤ በርሜሉ የትም አይሄድም።

እለምንዎታለሁ።

ቶሌሳ


ልደታ
ነሐሴ 8 ቀን 2017

ቶሌ ልጄ፣

ከአልጋዬ ነው የምጽፍልህ። የቅዳሜው ደብዳቤዬ ውሸት ባይኖርበትም እውነት አልነበረውም። አላስተኛኝም።

ክኒኗን ከነሐሴ አንድ ጀምሮ አልወሰድኩም። ተቆጣ፤ ተቆጥተህ ስትጨርስ ግን ስማኝ። ያ ደብዳቤ የአንተ ጽሑፍ አልነበረም። መዝገብ ቤት ያረጀች ሴት ይህ ይሰወርባታል ብለህ ነው? አንተ ፊደል ስትጽፍ ወደ ቀኝ ትጋደማለህ፣ እስክሪብቶህን ተጭነህ ወረቀቱን በጀርባው ታሳብጠዋለህ። ያ ደብዳቤ ቀጥ ያለ ነበር፤ ጀርባውን በጣቴ ብዳስሰው ልስልስ። ፊርማው እንኳ የሌላ ሰው። ሙለታ ሲሰጠኝ ደግሞ ሳልጠይቀው «ደህና ነው፣ በጣም ደህና ነው» አለኝ፣ መሪውን እያየ። ሞተሃል አልኩ። ወይም እጅ የለህም። ማንን ልጠይቅ? ስልክህ አይሠራም፤ ሙለታም ከዚህ ሌላ አይናገርም።

ልደታ ማርያም ሄጄ ተሳልኩ። ልጄን በሕይወት ካሳየሽኝ ሱባኤውን እስከ ፍጻሜው እጾማለሁ አልኩ። ከዚያ አሰብኩት። እሱንማ በየዓመቱ እጾመዋለሁ፤ ምኑን ሰጠኋት? ሥጋ ሐኪሙ ከከለከለኝ ቆየ፤ ጌጥ የለኝም፤ ልብሴ ያው ልብሴ ነው። በዚህ ዓለም ያለችኝ አንዲት ምቾት ያች ክኒን ናት፤ እሷን ውጬ ነው ጠዋት ጣቶቼን የምዘረጋው። እንግዲህ ስለት የሚባለው የሚያምም ነገር ሲሰጥ ነው ብዬ እሷን ሰጠሁ። አባን አልጠየቅኋቸውም፤ እንቢ እንደሚሉኝ አውቄዋለሁ።

የጻፍክልኝን አልዘነጋሁትም። ምግብ ያስጠላል ብለሃል፤ አስጠልቶኛል። ትናንት ውሃ ጠጥቼ መለስኩት። ስነሣ ግድግዳው ይዞራል። ጉልበቶቼ እንደ እሳት ናቸው፤ ማንኪያ መያዝ አቅቶኝ ይህንን እስክሪብቶ በሁለት እጄ ነው የያዝኩት። ሱባኤው እስኪፈታ ስምንት ቀን ቀርቶኛል። አንተ ስላለህ ከሆነ ይህ ሁሉ ቀላል ነው፣ ከሌለህ ደግሞ ምን ይሠራልኛል እላለሁ። ግን ዛሬ ፈራሁ፣ ቶሌ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ። ነገ ጠዋት ቅዳሴ ደርሼ አባን እነግራቸዋለሁ፤ ካሉኝም እውጣታለሁ። ደረጃውን እንዴት እንደምወርደው እንጃ፤ ቀስ ብዬ፣ ግድግዳውን ይዤ፣ የሷን በርሜል አልፌ


ልደታ
ነሐሴ 24 ቀን 2017

ቶሌ ልጄ፣

አለሁ። ከሁሉ በፊት ይህን እንድታነብ ብዬ ነው።

ያልጨረስኳትን ደብዳቤ አብሬ ልኬልሃለሁ። ላጠፋት ነበር፤ ከዚያ ሰነድ አጥፍቼ አላውቅም ብዬ ተውኩት። ለምን እዚያ ላይ እንደቆመች ልንገርህ። ያን ቀን እዚያ ላይ ስደርስ እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ፤ ጎንበስ ብዬ ማንሣት አቃተኝ። በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ውዳሴ ማርያሜን በብብቴ ይዤ ወጣሁ። በርሜሉ ጋ ስደርስ የማስታውሰው የበርሜሉን ሰማያዊነት ብቻ ነው።

የሺሀረግ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ አገኘችኝ። የነገረችኝን ነው የምጽፍልህ። መጽሐፉ ከእጄ ወድቆ ተከፍቷል፤ ካርዷ ደረጃው ላይ በቀይ መስመሯ ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ ተኝታለች። እሷ አንብባ፣ ጮሃ፣ ሁለት ጎረምሶች ጠርታ በወንበር አስወርዳ ታክሲ አስገባችኝ። ሆስፒታል ስንደርስ አንዱ ወጣት ሐኪም «ጾም አድክሟቸው ነው፣ ግሉኮስ ስጧቸው» ብሎ ሊያልፍ ሲል ካርዷን ዓይኑ ሥር ወስዳ «አንብበው! መጀመሪያ አንብበው!» አለችው አሉ። የሺሀረግን ድምፅ ታውቀዋለህ፤ በዚህ ድምፅ ስንት ጊዜ ተሰድቤበታለሁ። አነበበ። ከዚያ ሩጫ ሆነ። ግፊቴ ሊለካ የማይችል ሆኖ ነበር። በመርፌ ያን «በቃ» የሚለውን ነገር ሰጡኝ፤ ጨው ያለው ውሃም በሁለቱም ክንዴ። ማታውን ዓይኔን ገለጥኩና ያልኩት የመጀመሪያ ነገር «ራበኝ» ነው። ሐኪሙ አመሰገነ። እኔ አፈርኩ።

አይሱዙው ወንዝ ሞልቶበት ሁለት ቀን ቆሞ ኖሮ ደብዳቤህ እሑድ ነው የደረሰው። የሺሀረግ ከደጄ ላይ ተቀብላ ሆስፒታል አመጣችው፣ እኔም ዓይኔ ስላልጠራልኝ አነበበችልኝ። በግራ እጄ ነው የምጽፈው የሚለው ላይ ስትደርስ እኔ አለቀስኩ፤ ኩርፊያው ለሌላ ጊዜ ይቆይ የሚለው ላይ እሷ ሳቀች። «በርሜሉ የትም አይሄድም» ያልከውን ደግሞ እንደ ፍርድ ይዛዋለች። እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ሰላም እንባባላለን፤ በርሜሉ ግን እዚያው ነው።

አባ መጥተው ጠየቁኝ። ሁሉን ነገርኳቸው። እንዲህ ተቆጥተው አላየኋቸውም። «ድንግል በአንድ ልጅ ፋንታ እናቱን አትቀበልም» ብለው፣ ከዚያ ንስሐ ሰጡኝ። ምን እንደሆነ ገምት። በየጠዋቱ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ወይም ሐኪም አቁሚ እስኪለኝ፣ ክኒኗን አባታችን ሆይ ደግሜ እንድወስድ። ከዚህ የከበደ ንስሐ ሰጥተውኝ አያውቁም፤ ምክንያቱም ሳላጉረመርም ነው ብለዋል።

አሁን ስለ አንተ። ተናድጄብሃለሁ፣ አልደብቅህም። በድንጋጤ ይነሣል ብለህ ደበቅከኝ፤ ከመደበቅህ በላይ ያስደነገጠኝ የለም። «ክንዴ ተሰብሯል» ብትለኝ አልቅሼ፣ ሹፌሩን ረግሜ፣ ክኒኔን ውጬ እተኛ ነበር። እኔም ሆስፒታል ተኝቼ ስለ አንተ ይህን ያህል ስፎክር፣ ለካ እኔ ያደረግኩብህ ከዚህ አይሻልም። «አልራበኝም» ብዬ ጽፌ አራት ሰዓት በእግር ያስወጣሁህ እኔ ነኝ። ኮረብታው ላይ ክንድህ ታስሮ ስልክ ወደ ሰማይ ስታነሣ እያየሁህ ነው የማድረው። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።

ሁለቱ ጣቶችህ ነቁ ወይ? ይህን ስትመልስ ጊዜ አትውሰድ። ካልነቁ እዚህ መታየት አለባቸው። የእኔም ዕጢዎች ገና ተኝተዋል፤ ሐኪሙ በዓመትም ላይነቁ ይችላሉ ብሎኛል። ወይ ይነቃሉ ወይ አይነቁም፤ አንድ ቤት ሆነን እንጠብቃቸው። ለመስቀል ፈቃድ ጠይቅና ና። አልቻልኩም ካልክ ለምን እንዳልቻልክ እውነቱን ጻፍ፤ በየትኛውም እጅህ።

ሳልቀመጥ ነው ይህን የምጽፈው፤ ሙለታ ዛሬ ይነሣል፣ የሺሀረግ ታደርስልኛለች። ለሙለታም «በመሐላ አፍህን ዘግተህ ልትገድላት ነበር» በይው ብያታለሁ፤ በእሷ ድምፅ ይድረሰው።

ለአንተ ደግሞ ካርድ ሠርቼልሃለሁ። በፕላስተር ጠቅልዬያታለሁ፤ ቀይ እስክሪብቶም ገዛሁ። ጣቶቼ ገና ስለሆኑ ፊደሉ ትንሽ ተንጋዷል። ደረት ኪስህ ውስጥ ትሁን። እንዲህ ትላለች፦

«ይህ ሰው ቶሌሳ ሂርጳ ይባላል። ቢታመም፣ ቢወድቅ፣ አንዲት ጣቱ እንኳ ብትሰበር በዚያው ቀን፣ በገዛ ቃሉ፣ ልደታ ላለችው ለአክስቱ ይነገራት። ደህና ነኝ ቢላችሁ አትመኑት። ትችለዋለች።»